ነጩን እንዳይነካ

«ውይ ጣቴን! ውይ ጣቴን!» አለ በቀቀኑ፣ ሻይ ገና ሳይቀዳ። ጩኸቱ የራሱ አይደለም፤ ከሰባት ዓመት በፊት ከአንዲት ሴት አፍ የወጣ ነው። እሱ ግን መጨረሻው ላይ ያለችውን ሲቃ እንኳ ሳያስቀር ይዞት ቀርቷል። በቤቱ ያደሩት እንግዳ፣ የአባወራው አክስት፣ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥለው የያዙትን ዳቦ እስኪጥሉ ድረስ ሳቁ። «ይሄን ደግሞ ማን አስተማረው?» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። የቤቱ እመቤት ስኳሩን እያቀረበች፣ «እህቴ ናታ! የሠርጌ ሰሞን ነካ አድርጓት ነበር። እሷ እንደሆነች እስከ ዛሬ ‹ወፍ ነክሶኝ› እንዳለች ናት። እውነቱን ልንገርዎት፣ ሥራው ሰልችቷታል፤ ወፉ ሰበብ ሆነላት እንጂ» አለች።

ይህ ሁሉ ሲባል ያቺው እህት ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። የወፉን የውሃ ጣሳ በግራ እጇ ይዛ፣ ቀኝ እጇን የሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ። በዚህ ቤት በቀቀኑን «ጌታው» ይሉታል፤ የጌታውን ጎጆ የምታጸዳውም፣ እህሉን የምትሰፍርለትም፣ ውሃውን የምትለውጥለትም እሷ ናት። ነካሽና ተነካሽ ሰባት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ኖሩ ብሎ የሚገረም ሰው ካለ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ የማያውቅ መሆን አለበት። ሥራው ሰልችቷታል! ሃያ ሁለት ዓመት በመርፌ የኖረችውን፣ አሁንም በግማሽ እጅ የምትታገለውን ሴት፣ ሰልችቷታል! ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ገባች፣ እንግዳዋን እንደምን አደሩ አለች፣ ጣሳውን ቦታው ላይ ሰቀለች። አክስትየዋ የሹራቡን ኪስ ሰረቅ አድርገው አዩ። «እታለም፣ ሻይ ጠጥተሽ ሂጂ እንጂ» አለች ታናሽ እህቷ፣ ድምፅዋ ማር ሆኖ። «ቸኩያለሁ» አለች እሷ። ሐኪም ቤት እንደምትሄድ አልነገረቻቸውም፤ በዚያ ቤት ስለ ጣቷ ማውራት ካቆመች ቆይታለች።

በምትሠራበት የሙሽራ ልብስ ቤት «እጀ ወርቅ» ይሏታል፤ ስሟን የሚያስታውሰው የደመወዝ መዝገብ ብቻ ነው። የምትኖረው በእህቷ ቤት፣ ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ልብስ በሚተኮስባት ጠባብ ክፍል ነው፤ አልጋዋና የመተኮሻው ጠረጴዛ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ቆመዋል፤ አንዱን ለማለፍ ሌላው ላይ መደገፍ ግድ ነው። ከደመወዟ ግማሹን ለአስቤዛ ታወጣለች። በዚያ ቤት ማዕድ ላይ ቀና ብላ እንድትቀመጥ ያደረጋት ያ ግማሽ ደመወዝ ነው፤ እሱ ከቀረ ምን እንደምትሆን ስለምታውቅ አታስበውም። የቀኝ እጇ ሌባ ጣት ከመሃሉ አይታጠፍም። አብጦ ያብረቀርቃል፤ ጎኑ ላይ ደግሞ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አለች። ደረቀች፣ ተዘጋች ስትባል ሁለት ወር ቆይታ ትከፈታለች፤ ያኔ ክንዷ እስከ ብብቷ ይጋላል፣ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ውሻ ነክሷት ቢሆን ሰው ባዘነላት። እባብ ቢሆንማ ወሬዋን ጎረቤቱ ሁሉ በተቀባበለው ነበር። ወፍ ነከሰኝ የሚልን ሰው ግን ሳይስቁ ማዳመጥ ለማንም ከባድ ነው፤ እሷ ራሷም የሌላ ሰው ጣት ቢሆን ትስቅ ነበር።

ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጠች። የካርድ ማውጫው ዋጋ ካለፈው ወር ጨምሯል፤ ግድግዳው ላይ የድሮው ተሰርዞ አዲሱ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ እግራቸውን በፋሻ ጠቅልለዋል። «ስኳር ነው» አሉ ማንም ሳይጠይቃቸው። «የአንቺስ?» ስትባል «በር ላይ ተቀርቅሮ ነው» አለች። «አይ በር!» አሉ ሰውዬው ከልባቸው አዝነው፣ የጎረቤታቸውን ልጅ በር እንዴት እንዳደረጋት እስከ ተራቸው ድረስ አወሩላት። በር ነው ስትል እንዲህ ያለ ሐዘኔታ ማግኘቷ አስገረማት። ይህን ውሸት ከሰባት ዓመት በፊት አለመጀመሯ ቆጫት።

ዶክተሩ ወጣት ነው። ጣቷን ይዞ አገላበጠው፣ ጫን ሲለው ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ወጣ።

«ከምን ጀመረ?»

«ወፍ ነክሶኝ።»

«ዶሮ?»

«በቀቀን።»

ነርሷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ የትከሻዋ መንቀጥቀጥ ግን ከዓይን አላመለጠም። ዶክተሩ አልሳቀም። የበቀቀን መንቁር የለውዝ ቅርፊት እንደሚፈለቅቅ፣ ከሥጋ አልፎ አጥንት ድረስ እንደሚገባ፣ አፉ ውስጥ ያለው ተውሳክም ቀላል እንዳልሆነ እየተናገረ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አቁሞ፣ «የነከሰዎት ዕለት ምን አደረጉበት?» አላት። ይህን ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ጠይቋት አያውቅም። እናም ለዚህ የልጅ ፊት ላለው ሰው፣ ነርሷ እየሰማች፣ ነገረችው።

የእህቷ ሠርግ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ልብሱን የሰፋችው ራሷ ናት፤ አራት ወር ሙሉ፣ ከሥራ መልስ፣ ያለ ምንም ክፍያ፣ ለአንዲት እህቷ። ለመጨረሻ ልኬት እህቷን ሳሎን መሃል አቁማ ጠርዙን በእስፒል ስትይዝ፣ በቀቀኑ ከወንበር ጀርባ ላይ ሆኖ የልብሱ ደረት ላይ ያሉትን ዶቃዎች ሲያይ ቆይቶ ዘለለ። ዶቃው እንዳይበጠስ እጇን ሰደደች፤ ዶቃው ተረፈ። እሷ «ውይ ጣቴን!» ስትል ሙሽራዋም፣ ሚዜዎቹም፣ ሙሽራውም ሳቁ፤ ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም፣ የሠርግ ሰሞን ሰው በሁሉም ነገር ይስቃል። ደሙ ግን አልቆም አለ፤ የቀረው ሥራ ደግሞ ነጭ ሐር ላይ ነው። ስለዚህ የምታውቀውን አደረገች። ጣቷን በላስቲክ ጠቀለለች፣ ላስቲኩን በስፌት ክር ከላይ እስከ ታች ጥምጥም አድርጋ አሰረች፣ አንዲት ጠብታ እንኳ እንዳታመልጥ አጥብቃ ቋጠረችው። ሦስት ቀን አልፈታችውም። ጣቱ ሲነፋ ክሩ ሥጋው ውስጥ ገባ፤ እሷ ዶቃ ትሰካ ነበር። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ስትፈታው ሽታው ራሷን አስደነገጣት፤ ቁስሉ ግን ከላይ በቶሎ ሻረ፣ እሷም ተመስገን አለች። ነጩ ላይ ምንም አልነካም። ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ የፈለገ ሄዶ ማየት ይችላል።

ዶክተሩ ባለፈው ወር የተነሳችውን ራጅ ከፖስታው አወጣ። ነርሷም ፊቷን ከመስኮቱ መልሳለች። «እናቴ፣ ቁስሉን አፍነው ዘጉበት» አላት ቀስ ብሎ። «ላይ ላዩ ዳነ፣ ውስጥ ውስጡን በላው።» ራጁን ብርሃን ላይ ሰቅሎ አሳያት፤ አጥንቱ ብል እንደበላው ጨርቅ ተቦዳድሷል። መድኃኒቱን አራት ጊዜ ወስዳዋለች፤ አምስተኛ ቢያዝላት ራሱን ማታለል ነው። ጣቱ ከሥሩ መውጣት አለበት፣ አርብ። ባይወጣስ ስትለው፣ መዳፉን እንደሚከተል፣ ያን ጊዜ ወሬው ስለ ጣት ሳይሆን ስለ እጅ እንደሚሆን ነገራት። እሷ የራጁን ሥዕል እያየች፣ «ዶክተር፣ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት ብቻ መርፌ ይያዛል?» አለችው። ዶክተሩ የራሱን ጣቶች አየ፤ እሱም በመንገዱ፣ ሥጋ ሰፊ ነው። «ሰው የማይለምደው ነገር የለም» አለ፤ ዓይኗን ግን አላየም።

ቀጠሮ፣ ለአርብ ጠዋት። ከቀጠሮው ጋር አንድ ቅጽ ሰጣት፤ የቅርብ ዘመድ መፈረም አለበት። መሃሉ ላይ «የጉዳቱ መነሻ» ከሚለው ፊት ለፊት በጥድፊያ የሐኪም ጽሑፍ «የበቀቀን ንክሻ፣ ከሰባት ዓመት በፊት» ብሎ ጽፎበታል። ደረጃው ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ጣቷ ሊቆረጥ ነው፣ እሷ ደግሞ በአንዲት መስመር ጽሑፍ ልቧ ቀለል አለ፤ ሰው ጉደኛ ፍጥረት ነው። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የሙሽራ ልብስ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። የስፌት መኪኖቹ ጓሮ በኩል ይንጫጫሉ፤ መንገዱን በሚያየው ክፍል ግን ሦስት የእጅ ሰፊዎች በሦስት መብራት ሥር ዝም ብለው ይሠራሉ። የመሃሉ ወንበር የእሷ ነበር። ዛሬ ፊቷ ክብ የሆነ፣ ከሌላ ቤት የመጣች ሴት ተቀምጣበታለች። ሁለቱ የድሮ ባልደረቦቿ አንገታቸውን ቀብረው ዶቃ ይቆጥራሉ። «መጣሽ?» አለች ማዳም፣ የቤቱ ባለቤት፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች። ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የእጀ ወርቅን ዝግታ ለሌሎቹ አካፍላ ችላዋለች። ወንበሩን እንዳየች አይታ፣ «ለዛሬ ነው ያስቀመጥኳት» አለች። ለነገ የሚደርስ ቀሚስ ዘረጋችላት፤ ጀርባው ከአንገት እስከ ወገብ ሠላሳ ስድስት ትንንሽ ቁልፎች አሉት፣ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የክር ቀለበት ይሠራለታል። «እስቲ ይቺን ያዢልኝ። ቀለበት እንዳንቺ የሚሠራ ማን አለ?» አመስግናትም ይሁን ፈትናት፣ ከማዳም ፊት ማንበብ አይቻልም። ክፍሉ ውስጥ ያለው የመርፌ እጅ ሁሉ ግን ቀስ አለ።

ተቀመጠች። እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ጣቷን በአዲስ ፋሻ ጠቅልላለች። መርፌውን በአውራና በመሃል ጣቷ መሃል ያዘች፤ የማይታጠፈው ሌባ ጣት እንደ ባዕድ ሰው ወደ ጎን ቆሞ ያያታል። የመጀመሪያው ቀለበት ተሳካ። ሁለተኛው ጠበበ፣ ፈትታ እንደገና ሠራችው። ሦስተኛው እንደ ድሮዋ ወጣ፤ ክሩ ሲጠመዘዝ፣ ቋጠሮው ቦታውን ሲይዝ፣ ለአፍታ ያህል ሐኪሙም አርብም ከልቧ ጠፉ። አራተኛውን ጨርሳ አምስተኛውን ስትጀምር ፋሻው ሥር ሙቀት ተሰማት። ስታይ ሐሩ ላይ የሳንቲም ግማሽ የምታህል ነገር አርፋለች። በዚህ ሙያ መርፌ የማይወጋው ሰው የለም፤ የራስ ደም በራስ ምራቅ ይለቃል ይባላል፣ እውነትም ይለቃል። እሷም እንደ ልማዷ ክር በምራቋ አርሳ ነካ ነካ አደረገችው። አለቀቀም፤ ተስፋፋ። ደም አልነበረማ፤ ቢጫ ነው። አዲሷ ሴት አፍንጫዋን በክንዷ ሸፈነች፣ ወዲያው ደግሞ አፍራ አወረደችው።

ማዳም መጥታ ቆመች። አልተቆጣችም። ቀሚሱን አንስታ ብርሃኑ ላይ አየችው፣ መቀሷን አውጥታ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ፈታቻቸው፤ ሦስተኛውንም ጭምር። «ይሄ ከጀርባው ተነቅሎ በአዲስ ይተካል» አለች ለአዲሷ ሴት፣ «ማታ ድረስ ትቆያለሽ።» ከዚያ ወደ እጀ ወርቅ ዞራ፣ «አንቺ ደግሞ ቤትሽ ሄደሽ አረፍ በይ። ሲሻልሽ ትመጫለሽ» አለቻት። እሷም፣ «አርብ ይቆረጣል» አለች። መኪኖቹ ጓሮ ይንጫጫሉ። ማዳም ወንበር ስባ ተቀመጠችና ጉልበቷን አሻሸች። «እንግዲያው» አለች። ተነስታ ደንበኛ ልትቀበል ሄደች። እጀ ወርቅ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ያዘች። ከባልደረቦቿ አንዷ ደረጃው ድረስ ሸኘቻት፣ «አይዞሽ» አለቻት፣ ቶሎም ተመለሰች፤ ሥራ አለባት።

ስትመለስ አክስትየዋ ወደ ቤታቸው ሄደዋል። የእህቷን ሁለት ልጆች የምትይዘው ሴት አጥባ አስተኝታቸው ወጥታለች። እህቷና የእህቷ ባል ሳሎን ቁጭ ብለው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ ድምፁን ዝቅ አድርገውታል። እራቷን በልታ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጋ፣ ቅጹን አወጣች። «ይሄን ፈርሚልኝ» አለች እህቷን። እህቷ እያነበበች ስትሄድ ፊቷ ተለዋወጠ። «ሊቆርጡት? እንዴት? ለምን አልነገርሽንም?» ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ይህ እንባ የውሸት አልነበረም። ወረቀቱን ባሏ ተቀበላት። እሱ መድን ድርጅት ነው የሚሠራው፤ ቅጽ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እታለም፣ ይሄ ‹በቀቀን› የሚለው ግን ባይኖር ጥሩ ነው።»

«ለምን?»

«እኔ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። በእንስሳ የደረሰ ጉዳት ከተባለ ባለቤቱ ማነው ይመጣል። ጣጣ ነው። ደግሞ ሰባት ዓመት አልፎታል፣ ማን ያረጋግጣል? የሥራ መርፌ ነው ብንል ላንቺም ይሻልሻል።»

እሷ ወደ እህቷ አየች። እህቷ መሀረቧን ታጥፋለች። ያኔ፣ ጠዋት ለዶክተሩ ስለተናገረችው ይሆን ወይም ቀኑ ስለጨረሳት፣ አፍ አውጥታ ነገረቻት፤ ስለ ላስቲኩ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ሦስቱ ቀን። «ሐሩን እንዳይነካ ብዬ ነው። ፈትቼ ሐኪም ጋ ብሄድ ልብሱ አይደርስም ነበር። እንዳትጨነቂ ብዬ ዝም አልኩ።» ሰባት ዓመት የያዘችው ነገር ተነግሮ ለማለቅ ሁለት ደቂቃም አልፈጀም። እህቷ የታጠፈውን መሀረብ መልሳ ዘረጋችው። አቅፋኝ ታለቅሳለች፣ እግሬ ላይ ትወድቃለች ብላ አልጠበቀችም፤ ብቻ የሆነ ነገር ትላለች ብላ ነበር። አለችም።

«እኔ መቼ እንዲህ አድርጊልኝ አልኩሽ?»

በቁጣ አልነበረም፤ ይልቁንም እንደ ልመና ነበር። እሷም ነገሩን አሰበችው። እውነትም ማንም አልጠየቃትም። አራት ወር ስትሰፋ ማንም አልጠየቃትም፣ እጇን ዶቃው ፊት ስትሰድ ማንም አልጠየቃትም፣ ክሩን ስታጠብቅም ብቻዋን ነበረች። «አላልሽኝም። ፈርሚ» አለቻት። ባልየው ከኪሱ እስክሪብቶ አወጣ፣ ከመጽሔት ጠርዝ ጋር አጣብቆ የዶክተሩን ቃል በቀጥታ መስመር ሰረዘው፣ ከላዩ በሚያምር ጽሕፈቱ «የስፌት መርፌ ወግቷት» ብሎ ጻፈ፣ ስርዙ ጎን ላይም አጭር ፊርማ አኖረ፤ በሥራው የለመደው ነው። እህቷ ከታች ፈረመች። እሷ አልከለከለችም። ለምን አትከለክይም ቢሏት፣ ፊርማው ካልኖረ አርብ አይደረግም፣ አርብ ካልተደረገ እጇ ይሄዳል፤ ይህን ብቻ ነው የምታውቀው።

ከዚያ እህቷ አጠገቧ መጥታ ተቀመጠች፣ የግራ እጇን ያዘችላት፣ ፊቷም ከማዘን ወደ መቻኮል ተለወጠ፤ መልካም ሐሳብ የመጣለት ሰው ፊት ነው። «ደግሞ ስለ ሥራው አታስቢ፣ እሺ? እኛ እያለን! ልጆቹን የምትይዘውን ሴት በወሩ መጨረሻ እናሰናብታታለን። አንቺ ቤት ትሆኛለሽ፣ ልጆቹም ይወዱሻል፣ ወጥ ቤቱንም እንደፈለግሽ ታዥበታለሽ። ከእንግዲህ ለአስቤዛም ምንም አታወጪም።» ባልየው ቅጹን አጥፎ እየመለሰላት፣ ድባቡን ቀለል ለማድረግ ብሎ፣ «ለዚያ ደግሞ ዘጠኝ ጣት ይተርፋል!» አለ።

እህቷ «ኧረ ተው አንተ!» ብላ ትከሻውን መታችው፤ ግን ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ። ሁለቱም ወደ እሷ አዩ፤ እንዳትቀየማቸው ፈርተዋል፤ ከነገ ጀምሮ የምትኖረው በእነሱ እንጀራ ነው። እሷም ሳቀች።